ጋራው ላይ የነበረው ጠሪ

«አይጠፋም አልኩህ እኮ። ስንት ጊዜ ልንገርህ?»

እናቴ ጀርባዋን ለቆርቆሮው በር ሰጥታ፣ ሁለት እጇን ወደ ኋላ አዙራ እጀታውን ጨብጣለች። ከፊቷ ከአዲስ አበባ የመጣው ኢንጂነር ማህተም ያረፈበት ወረቀት ይዞ ቆሟል። ወጣት ነው። ጫማው ጭቃችንን ገና ዛሬ እንደተዋወቀ ያስታውቃል።

«እናቴ፣ የእኔ ፈቃድ አይደለም። ከላይ የመጣ ትዕዛዝ ነው።»

«ከላይ ስትል አላህ መስሎኝ ልደነግጥ ነበር» አለች እናቴ። «ከአዲስ አበባ ከሆነማ በመጣበት ይመለሳል።»

ከአጥሩ ውጭ ሣር ላይ የተቀመጡት ሴቶች ሳቁ። ከመካከላቸው ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ነጠላዋን ወደ ትከሻዋ መለሰችና በሽቦው ቀዳዳ ጣቷን አሾልካ ኢንጂነሩን ጠራችው። «አንተ ልጅ፣ ቤሩት ያለችው ልጄ ስትመጣ አገሯን በምን ትለይ? ክብሪት ልጫርላት?»

ኢንጂነሩ እንደ መጨረሻ ተስፋ ወደ አባቴ ዞረ። በሩን መክፈት የአባቴ ሥራ ነው፤ ቁልፉም ያለው እሱ ኪስ ውስጥ ነው። አባቴ ግን ጀነሬተሩ አጠገብ ቆሞ፣ ቀድሞ የጸዳ መፍቻ በጨርቅ ያጸዳል። ቀና አላለም። እኔ ባዶ የናፍጣ ጄሪካን ላይ ተቀምጬ ሁሉንም አያለሁ። አሥር ዓመቴ ነው። አባቴ ለምን ዝም እንዳለና ይህ ሁሉ ነገር ከማን እንደጀመረ ከእሱ ሌላ በዚያ ግቢ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ልጅ ሳለሁ የምንኖረው ከሐይቅ ከተማ በላይ፣ ጋራው ወገብ ላይ ነበር። ከደጃችን ሲቆሙ በአንድ በኩል ውሃው፣ የከተማው ጣሪያና ከደሴ ወደ ወልዲያ የሚሄደው መንገድ ይታያል፤ በሌላው በኩል የአምባሰል ገደል። ከቤታችን ጥቂት ራመድ ሲሉ በሽቦ የታጠረ ግቢ አለ። በግቢው ውስጥ አንዲት ክፍል፣ ከክፍሏ ጎን ደግሞ በብረት ገመድ የተወጠረ፣ ቀይና ነጭ የተቀባ ረጅም ምሰሶ። በዚያ ዘመን በሐይቅ ያለፋችሁ ከሆነ ከሚኒባስ መስኮት ሳታዩት አትቀሩም። ብዙ ሰው የስልክ ምሰሶ ይመስለው ነበር።

በመንግሥት ወረቀት ላይ ስሙ ረጅም ነው። እኛ ጠሪው ነበር የምንለው። ሥራው አንድ ነው፤ ሌት ተቀን አንድ ዓይነት ድምፅ በራዲዮ ሞገድ ይለቃል። ወደ ኮምቦልቻ የምትወርደው አውሮፕላን ውስጥ ያለች መርፌ ያንን ድምፅ ስታገኝ ወደ እኛ ጋራ ትዞራለች። ደመናም ይሁን ጉም፣ አብራሪው መርፌዋን ዓይቶ የት እንዳለ ያውቃል። አባቴ የጠሪው ጠባቂም፣ አስነሺም፣ ናፍጣ ቀጂም ነበር። ማታ ቤት ሲገባ ናፍጣና የባሕር ዛፍ ቅጠል ይሸታል። እስከ ዛሬ የናፍጣ ሽታ ለሌላው ሰው ራስ ምታት፣ ለእኔ አባት ነው።

አባቴ ከጠሪው በፊትም የአውሮፕላን ሰው ነበር። ዕድሜውን የሚቆጥረው በዓመት አይደለም፤ በዕቃ ነው። «በጭሱ ጊዜ» ይላል፣ «በእጅጌው ጊዜ» ይላል። የጭሱ ጊዜ የኮምቦልቻው ማረፊያ ገና ሣር የነበረበት፣ እሱም ጢም ሳያበቅል የተቀጠረበት ነው። ሥራው ከብት ማስወጣትና እርጥብ ጭድ ማጨስ ነበር። የአውሮፕላኗ ድምፅ ሲሰማ ይሮጣል። በኖራ የተቀቡት ድንጋዮች የሜዳውን ዳር ያሳዩታል፤ ከነሱ ወዲህ የተገኘውን ከብት ሁሉ ያባርራል። ከዚያ ጭዱን ይለኩሳል። አብራሪው ጭሱ ወዴት እንደሚተኛ ከላይ ይመለከትና ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብሎ ያርፋል። «እረኛው፣ ኖራ ቀቢው፣ አጫሹ አንድ ሰው ነው» ይለናል አባቴ። «ደሞዙም የአንድ ሰው ነው።»

ቀጥሎ እጅጌው መጣ። ምሰሶ ላይ ተሰቅሎ ነፋስ የሚሞላው የጨርቅ እጅጌ ነው፤ ጭሱን ከሥራ ያስወጣው እሱ ነው። የመጀመሪያው ሲቀደድ አባቴ ቅዳጁን ይዞ ደሴ አንድ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄደ። ሰውየው አዲሱን አሳምሮ ሰፋና ጠባቡን ጫፍ ደፈነው። ለምን ሲባል፣ ሁለት በኩል የተከፈተ ከረጢት ምን ይይዛል ብሎ ነው። የተደፈነው እጅጌ ነፋሱን ጠጣ፣ ጠጣና ምሰሶውን ከነሥሩ ነቅሎ ሜዳውን ይዞት ሮጠ። አባቴ እዚህ ላይ ሲደርስ ሁልጊዜ ሳቁ ይቀድመዋል። «ከብቱ ያን ቀን ማንም ሳያባርረው ወጣ። እኔም አብሬ ወጣሁ።»

ከእጅጌው በኋላ የራዲዮ ክፍል ተሠራ። ከዚያ ጠሪው ተተከለ፣ ቆይቶ ደግሞ ሣሩ ሜዳ አስፋልት ለበሰ። አባቴ ከእያንዳንዱ ዕቃ ጋር አንድ ደረጃ ወጣ። ጠሪው ሲተከል ሽቦ ሲጎትት ከረመና፣ አገሩ ስለሆነ፣ አንተው ጠብቀው ተብሎ ጋራው ላይ ቀረ። ይህ ሁሉ ከመምጣቱ በፊትስ ብዬ አንድ ጊዜ ጠየቅኩት። በአገጩ ወደ ታች ውሃውን አሳየኝ። «ሐይቁ ነዋ። ድሮ አብራሪዎቹ እሱ ሲያበራ ዓይተው ነው የሚታጠፉት። የመጀመሪያው ጠሪ እሱ ነው። ናፍጣም አይጠይቅ።»

የእኛ ጠሪ የሚናገረው ሁለት ፊደል ብቻ ነበር፤ እሱንም በአጭርና በረጅም ድምፅ። ታ፣ ቲ ቲ ታ። ትንሽ ዝም ይላል። ደግሞ ታ፣ ቲ ቲ ታ። በጋራው ዙሪያ የሚኖር ሰው የራዲዮውን መርፌ ወደ ግራ ጥግ ሲገፋ፣ ከዜናውና ከዘፈኑ ሁሉ በታች ያገኘዋል። እኛ ልጆቹ ቅልሞሽ የምንጫወተው በሱ ነው። በታ ጠጠሯን ወደ ላይ፣ በቲ ቲ ታ የቀሩትን ጠራርጎ ማንሳት። ጠሪውን የቀደመ ወይም ከጠሪው የዘገየ ተራውን ይለቃል። ዛሬ ግጥሞቼን የሰሙ ሰዎች ምቱን ከማን ተማርሽ ይሉኛል። አስተማሪ አልነበረኝም። አስተማሪዬ በናፍጣ የሚሠራ ነበር።

እህቴ ዘሀራ ዐረብ አገር፣ ጅዳ የሄደችው እኔ ዘጠኝ ዓመት ሲሞላኝ ነው። በዚያን ጊዜ ከእኛ አካባቢ ያልሄደ ወጣት መቁጠር ይቀላል። ጠዋት አውቶቡስ ስትጠብቅ ወደ ጆሮዬ ጎንበስ አለች፤ ፀጉሯ አዲስ ቅባት ይሸታል። «ፋጤ፣ ስመለስ ከአውሮፕላኑ መስኮት እጄን አወዛውዝልሻለሁ። አንችም ከጠሪው አጥር ሆነሽ አውለብልቢ፣ እሽ?» አለችኝ። ያን ዕለት ማታ አባቴን ጠየቅኩት፤ ጠሪው የዘሀራንም አውሮፕላን ይጠራል ወይ አልኩት። «አይጠራም የኔ ልጅ። ያቺ ትልቅ ናት፣ አዲስ አበባ ነው የምታርፈው። የእኛ ጠሪ የሚያውቀው ትንሿን ብቻ ነው።»

ገባኝ። ይህን ደጋግሜ የምለው፣ አልገባኝም ነበር ብዬ የማመልጥበት በር እንዳይኖር ነው። በደንብ ገባኝ። በማግስቱ ቅልሞሽ ስንጫወት ግን ይቺ አፌ ላይ መጣች፦

ጥራ ጠሪው ጥራ፣
ከሐይቅ ከጋራ፣
እህቴን ዘሀራ።

እውነቱ ቤት አልመታ አለ፤ ውሸቱ መታ። ጠጠሯ ከእጄ ወጥታ እስክትመለስ ግጥሙ አልቋል። ልጆቹ ወዲያው ያዙት። በሳምንቱ ትምህርት ቤት ደረሰ፤ እህት ያለው ሁሉ የራሱን እህት እያስገባ ይዘፍን ጀመር። አይሻም ትሁን ፀሐይ፣ ቤት መታ አልመታ ማንም ግድ አልሰጠው። ገበያ ወረደ፣ ወፍጮ ቤት ገባ። በወሩ እትዬ ብርቄ ትኩስ ድፎ በነጠላዋ ጠቅልላ አጥሩ ጋ መጣች። ልጇ ቤሩት ሰው ቤት ትሠራለች።

«ሰይድ፣ እንዲያው ቤሩትንም ይጠራል?» አለችው አባቴን።

አባቴ ዳቦውን ተቀብሎ ይዟል። ሙቀቱ መዳፉን ሲያቃጥለው አየሁ። ፊቷን አየ፣ ዳቦውን አየ። «ድምፁ ሩቅ ይሄዳል» አላት። ይህ ውሸት አይደለም፤ በእትዬ ብርቄ ጆሮ የገባው ግን ሌላ ነገር ነበር።

ከዚያ ቀን ጀምሮ አጥሩ ሥር መቀመጥ ልማድ ሆነ። አውሮፕላኗ የምትመጣው ማክሰኞና ቅዳሜ ነው። በነዚህ ቀናት ከሰዓት በኋላ የአስር ሶላት ተሰግዶ እንዳለቀ እናቶቹ ወደ ጋራው ይወጣሉ፤ ጫት የያዘች ጫት፣ ቆሎ የያዘች ቆሎ ይዛ። በዕድሜ የምትበልጠው ዱአ ታደርጋለች፤ ሙስሊሞቹ «አሚን» ሲሉ እትዬ ብርቄ «አሜን» ትላለች። የግሸኗን ማርያምም በልቧ ትጨምርበታለች፤ ከንፈሯ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር። ከዐረብ አገር የመጣ ፎቶ ከእጅ ወደ እጅ ይዞራል። ቀጥናለች፣ የለም ወፍራለች የሚል ክርክር ይነሳል። አባቴ ራዲዮኑን አውጥቶ መስኮቱ ላይ ያስቀምጥላቸዋል። ዝም ብሎ ነው የሚያስቀምጠው፤ ሲመለስ ግን አንገቱን ደፍቶ ነው። ትንሿ አውሮፕላን በላያችን ስታልፍ ሁሉም ይነሳሉ። ልጆቻቸው በሷ ውስጥ እንደሌሉ ያውቃሉ። «እሷ መንገድ ጠራጊ ናት» ትላለች እትዬ ብርቄ። «ትልቋ ከኋላ አለች።»

እውነቱን ለመናገር ደስ ይል ነበር። በዕድሜዬ ያን ያህል ሰው አንድ ነገር በአንድ ልብ ሲጠብቅ አይቼ አላውቅም፤ መነሻውም የእኔ ሦስት መስመር ነው። በልጅነቴ ይህ ያኮራኝ ነበር። የኮራሁትም ዘሀራ እስክትጠፋ ነው።

ዘሀራ በየወሩ ከተማ ወዳለ አንድ ሱቅ ስልክ ትደውል ነበር። አንድ ወር ቀረች። ሁለተኛው ወር መጣ፣ ባለሱቁ ራሱን ነቀነቀ። በአምስተኛው ወር እናቴ ወደ ሱቁ መውረድ አቆመች። ጎረቤቱ ሁሉ የሚላት አንድ ነው፤ ውጫሌ ያለውን የላካትን ደላላ ያዢው፣ የተመለሱትን ልጆች እየዞርሽ ጠይቂ። እናቴ ግን «ጠሪው እየጠራ አይደል? ትመጣለች» ትላለች። ማክሰኞና ቅዳሜ ብቻ መምጣቷን ትታ በየቀኑ አጥሩ ሥር መዋል ጀመረች። ያቺ ገበያ ላይ ነጋዴ የምታስለቅስ ሴት፣ ያቺ አንድ ጊዜ በወንዝ ዳር የጠፋብንን ጥጃ ሦስት ቀን ተከትላ ያመጣች ሴት፣ እግሯን ዘርግታ ራዲዮ ታዳምጣለች።

እኔና አባቴ ገበታ ላይ ዓይን ለዓይን አንተያይም ነበር። አንድ ቀን ጀነሬተሩን ሲያስነሳ አጠገቡ ቆሜ አየኝና፣ በሞተሩ ድምፅ መሃል፣ «ነገ እነግራታለሁ» አለኝ። ምን እንደሆነ አልነገረኝም፤ እኔም አልጠየቅኩትም። በሚቀጥለው ሳምንትም «ነገ» አለኝ። ከዚያ ወዲያ እኔን ሲያይ ጨርቅ አንስቶ መፍቻ ማጽዳት ጀመረ።

ኢንጂነሩ የመጣው በዚህ መሃል ነው፤ ቀኑም ማክሰኞ። ወደ በሩ ልመለስ።

እናቴ አልለቅም ስትል ኢንጂነሩ ከኪሱ ሞባይል የምታህል ዕቃ አወጣ። መስታወቷ ላይ ቁጥር ይታያል። አሁን አውሮፕላኖች መንገዳቸውን የሚያውቁት በዚህ ዓይነት ነው፣ ከሰማይ በላይ የተሰቀሉ ሳተላይቶች ይነግሯቸዋል፣ ምሰሶም ናፍጣም አያስፈልግም እያለ አስረዳት። በትዕግሥት ነው ያስረዳት። እናቴ ቁጥሩን አጎንብሳ አየችው።

«ይቺ ዘሀራ የት እንዳለች ትነግርሃለች?»

«አትነግረኝም።»

«ታዲያ ከእኛው በምን በለጠች?»

ሴቶቹ አሁንም ሳቁ። ኢንጂነሩ ግን አልሳቀም። ክፉ ልጅ አልነበረም፤ ክፉ ቢሆን ኖሮ ገፍቷት ይገባ ነበር። ዕቃውን ወደ ኪሱ መለሰና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እናቴ፣ የእናንተውም አይነግራችሁም። ይሄ የሚሰማው እዚሁ አካባቢ ነው። ከጅዳ የሚመጣ አውሮፕላን ከዚህ ቤት ጋር አይተዋወቅም። መቼም ተዋውቆ አያውቅም።»

ራዲዮኑ መስኮቱ ላይ ታ፣ ቲ ቲ ታ ይላል።

«የዘሀራ አባት» አለች እናቴ። ኢንጂነሩን ትታ አባቴን ነው የምታየው። «ምንድነው የሚለው ልጁ?»

አባቴ መፍቻውን ጀነሬተሩ ላይ አስቀመጠ። «እውነቱን ነው።»

«መቼ አወቅህ?»

«ሽቦውን ስዘረጋ።»

«እና እኔ እዚህ ስቀመጥ ታየኛለህ።»

«አይሻለሁ።»

«ይሄን ወሬ ማነው ታዲያ ያመጣው? ከየት ተነሳ?»

የአባቴ ዓይን ወደ እኔ መጣ። የአንድ ታ ያህል ቆየብኝ። ጄሪካኑ ሥሬ ተንቋቋ። ከዚያ ዓይኑን አነሳና ወደ እሷ መለሰው። «የተናገረ የለም፣ ዘይነባ። ዝም ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ዳቦዬን ግን በልተሃል፣ ሰይድ» አለች እትዬ ብርቄ ከአጥሩ ውጭ። ማንም አልሳቀም። እሷም ለማሳቅ አላለችውም።

እናቴ እጀታውን ለቀቀች። ቀስ ብላ ከበሩ ፊት ዞር አለችና ነጠላዋን ከሽቦው ላይ አነሳች። አባቴ በሩን ከፈተ። ወደ ውስጥ ሲገባ ኢንጂነሩን አንድ ነገር ብቻ ለመነው፤ የዛሬዋን ላሳልፋት አለው። ኢንጂነሩ አብራሪዎቹ ይህን ድምፅ መከተል ከተዉ መቆየታቸውን ሊነግረው አፉን ከፍቶ ነበር፤ ተወው። ሰዓቱን አየና ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ጠበቅን። ትንሿ አውሮፕላን ከገደሉ በኩል መጣች፣ ውሃው ላይ ክንፏን አዘንብላ ታጠፈች፣ ወደ ደሴ ተራሮች ገባች። ድምጿ እስኪጠፋ አባቴ ማብሪያው ላይ እጁን እንዳደረገ ቆየ። ከዚያ በገዛ እጁ አጠፋው። ራዲዮኑ ውስጥ የቀረው ሹሹታ ብቻ ነበር። ጆሮዬ ግን መቁጠሩን አልተወም፤ እስከ ማታ በዝምታው ላይ ታ፣ ቲ ቲ ታ ይል ነበር።

ምሰሶው ከተነቀለ ቆይቷል። ክፍሏ ግን አለች፤ የአንድ ጎረቤት ዶሮ ቤት ናት። የእኔ ዘመን ልጆች በዚያ ስታልፉ ምናልባት ትዝ ይላችኋል፤ ቅልሞሹ፣ ግራ ጥግ የተገፋው የራዲዮ መርፌ። አባቴ አርጅቷል፤ ለዓይኑ መነጽር፣ ለጉልበቱ ዱላ ይዟል። ባለፈው ክረምት ስልኬ ላይ አውሮፕላኖች በካርታ የሚታዩበትን ነገር አሳየሁት። ትንንሽ ቢጫ አውሮፕላኖች ሲርመሰመሱ አየ። አንዷን ነካሁለት፤ ከጅዳ የተነሳች፣ ወደ አዲስ አበባ የምትሄድ፣ ልክ በሐይቁ በላይ። ለካ በላያችን ያልፉ ነበር። ለካ እናቶቹ ቀና ብለው ያዩት ሰማይ ትክክለኛው ሰማይ ነበር፤ ያልሰማው አውሮፕላኑ ብቻ ነው። አባቴ ብዙ አየና «ናፍጣስ?» አለኝ። አይጠይቅም አልኩት። ራሱን ነቀነቀ፤ እንደ ሐይቁ መሆኑ ነው።

ዘሀራም መጥታለች። በአውሮፕላን መስኮት እጇን አላወዛወዘችም፤ እኔም አላውለበለብኩም። ከአዲስ አበባ ደሴ አድራ፣ ሻንጣዋ ጣሪያ ላይ በታሰረ ሚኒባስ፣ ጉም በሸፈነው ጠዋት ነው የወረደችው። እኔ ትምህርት ቤት ነበርኩ። ዛሬ መንገድ ዳር የሐይቁን አሳ ጠብሳ ትሸጣለች፤ ስለ ጠሪው ሳወራ ከሰማች «እኔን ያመጣኝ ጠሪ አይደለም፣ የእናቴ እግር ነው» ብላ አሳዋን ታገላብጣለች። እውነቷን ነው። ደላላው ውጫሌ ውስጥ ሁለት ቀን ቢደበቅም እናቴ በሩ ላይ አድራ አገኘችው። እሱ መርሳ ወዳለች አንዲት ከስደት ተመላሽ መራት፤ ያቺ ልጅ ደግሞ ዘሀራ የተቀጠረችበትን ቤት ታውቀው ነበር። አሠሪዎቹ ሌላ ከተማ ተዛውረው ስልኳን ቀምተዋት ኖሯል። ከዚያ በኋላ ያለው ረጅም ነው፤ ዘሀራ ራሷ ስትፈልግ ትናገረው።

ዛሬ እናት ልጇን በስክሪን እያየች ታወራለች፤ ቀጠነች ወፈረች የሚል ክርክርም የለም። ለዚህ አላለቅስም፤ ይህኛው ይሻላል። የሚናፍቀኝ ሌላ ነው። ያን ያህል ሰው በአንድ ድምፅ ሥር አብሮ መቀመጡ ነው። የልጇ ስልክ ሲጠፋ ዛሬ እናት ብቻዋን ክፍሏ ውስጥ ናት። አንዳንዷ ቤታችን ትመጣለች። እናቴ ቁጭ ብለሽ ጠብቂ አትላትም። እስክሪብቶ ትሰጣትና፣ የላካት ማነው፣ አብራት የሄደች ማናት፣ ጻፊ ትላታለች። የማትጽፍ ከሆነ እኔ እጽፍላታለሁ።

ይህን ሁሉ ስጽፍ በዓይኔ የሚመጣው ግን ጠሪው የጠፋ ዕለት ማግስት፣ ጠዋቱ ነው። ገና አልነጋም፣ ከውሃው በኩል ብርሃን ሊወጣ ነው። ስነቃ እናቴ ለብሳ ጨርሳለች። በመሐረብ ቋጥራ ደረቷ ውስጥ የምታስገባቸውን ነገሮች መደብ ላይ ዘርግታለች፤ የዘሀራ ፎቶ፣ የፓስፖርቷ ኮፒ፣ ዘሀራ ስትሄድ የአሠሪዎቿን ስልክ የጻፈችበት ከደብተር የተቀደደ ወረቀት። ወረቀቱ ለወራት ግድግዳው ስንጥቅ ውስጥ ተሰክቶ ነበር የኖረው።

አባቴ ጫማውን አድርጎ በሩ አጠገብ ቆሟል። «አብረን እንሂድ» አላት።

«አንተ ዕቃህን ነቅለህ አስረክብ» አለችው። ተቆጥታ አልነበረም። ድምጿ ገበያ ስትወጣ የምትናገርበት፣ ብዙ ቀን ያልሰማሁት ድምፅ ነው። «አንዳችን እንኳ የያዝነውን እንጨርስ።»

ተነሳሁ። «እማ» አልኳት፣ «ዘፈኑን ያወጣሁት እኔ ነኝ። አባ አይደለም። አባ ነግሮኝ ነበር።»

መሐረቡን ቋጥራ እስክትጨርስ አላየችኝም። ከዚያ አየችኝ።

«አውቃለሁ» አለች። «ከአንች ሌላ ማን ያወጣዋል? ጥሩ ግጥም ነው፤ ውሸት ሆኖ ነው እንጂ።» ነጠላዋን ተከናነበች። «ሁለተኛ ስትገጥሚ እውነቱንም አስገቢበት። ጠባብ ከሆነ ግጥሙን አስፊው።»

በራችን ወፍራም ሳንቃ ነበር፣ በክረምት አብጦ የሚነክስ። ለመዝጋት ከውጭ በትከሻ ገፋ ማድረግ ያስፈልጋል። ወጣች፤ አባቴ ከመንገዷ ዞር አለላት። እርምጃዋን ሰማሁ፣ ቆመች፣ በትከሻዋ ገፋችው፣ በሩም ተዘጋ።